የወረርሽኝ ክርክርና የቁጥር ዳኝነት፦ ከኤካ ኮተቤ ሆስፒታል እስከ መካነ መቃብር መዝገብ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ታማሚው ከቡርኪናፋሶ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከዚያች ዕለት ጀምሮ መንግሥት ወረርሽኙን የያዘበት መንገድ በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየመገናኛ ብዙኃኑ አከራካሪ ሆነ። አንዱ ወገን «እርምጃው ዘገየ፤ ደግሞም ላላ» ሲል፣ ሌላው «ከበሽታው ይልቅ እርምጃው ጎዳን» አለ። የሚገርመው ግን ሁለቱም ወገኖች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት አንድ ቁጥር መሆኑ ነው፤ ይኸውም የጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ያወጣው የነበረውን፣ በቫይረሱ መያዛቸው በምርመራ የተረጋገጠ ሰዎችን ብዛት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር እንመረምራለን። ውድ አንባቢያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ዋና ነጥብም አንድ ነው፤ የመንግሥትን ሥራ በቁጥር ከመዳኘታችን በፊት ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ ይገባናል።

እርምጃዎቹና ክርክሩ

ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአዋጁ በኋላ በወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ከመጫን አቅማቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ፣ በአደባባይም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲደረግ ታዘዘ። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ታማሚዎች ተለይተው የሚታከሙበት ዋና ማዕከል ሆነ።

መንግሥት ግን ሰው ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ የሚያዝዝ ሙሉ እገዳ አልጣለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በወቅቱ የሰጡት ምክንያት ቤት የሌላቸው ዜጎች ብዙ መሆናቸውንና ቤት ያላቸውም የዕለት ጉርሳቸውን በየዕለቱ ወጥተው የሚያገኙ መሆናቸውን የሚጠቅስ ነበር። የዚህን ምክንያት ክብደት ለመረዳት ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ደን የማገዶ ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን ሴቶች ማሰብ ይበቃል፤ ዛሬ ያልተሸጠ ጭነት ዛሬ እራት አይሆንም። ተቃራኒው መከራከሪያም ቀላል አይደለም። ብዙ ቤተሰብ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት በሚጋራበት ሠፈር በአየር የሚተላለፍ ቫይረስ አንዴ ከገባ ለማቆም አስቸጋሪ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና የሚያደርገውን በረራ አለማቋረጡም በርካታ ትችት አስነሥቷል።

ሦስተኛው ክርክር የምርጫው ነበር። ምርጫ ቦርድ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የታቀደውን ምርጫ ማካሄድ እንደማይቻል መጋቢት 22 ቀን አስታወቀ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን በሕገ መንግሥት ትርጉም የሥልጣን ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። ውሳኔውን የተቃወሙ ፓርቲዎች ነበሩ። ምርጫው የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ይህ የሕግና የፖለቲካ ጥያቄ በመሆኑ ሳይንስ ብቻውን ሊፈታው አይችልም። እርምጃዎቹ ሥርጭቱን ገቱ ወይስ አልገቱም የሚለው ግን ሊለካ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ያልተመረመረ አይቆጠርም

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ከተጠርጣሪዎች የተወሰደ ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። በኋላ ምርመራው በአገር ውስጥ ተጀመረ፤ ላቦራቶሪዎችም እየበዙ ሄዱ። በነሐሴ ወር ሰፊ የምርመራ ዘመቻ ተካሄደ። ከሐምሌ 24 እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የተያዙ ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር ከ18 ሺህ በታች ከነበረበት ወደ 52 ሺህ ገደማ አሻቀበ። ታዲያ በሽታው በአንድ ወር ይህን ያህል ተስፋፋ ወይስ ፍለጋው ሰፋ?

ይህን ለመለየት የሚረዳውን ስሌት በግምታዊ ምሳሌ እንመልከት። በአንድ ቀን 1,000 ሰዎች ተመርምረው 50 ሰዎች ላይ ቫይረሱ ቢገኝ መጠኑ 5 በመቶ ነው። በሌላ ቀን 5,000 ሰዎች ተመርምረው 200 ላይ ቢገኝ፣ የተያዙት ቁጥር በአራት እጥፍ ቢያድግም ከተመረመሩት አንጻር ያላቸው መጠን ወደ 4 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ የተያዙትን ብዛት ከተመርማሪዎቹ ብዛት ነጥሎ ማንበብ ያሳስታል። ይህም ስሌት ቢሆን ማን ተመረመረ በሚለው ላይ ይመሠረታል፤ የታመሙት ብቻ ሲመረመሩ መጠኑ ከፍ ይላል፣ ጤነኞችም ሲጨመሩ ዝቅ ይላል።

ደም የሚናገረው

ሰውነታችን ቫይረስ ሲገባበት የሚከላከሉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ እነዚህም ፀረ እንግዳ አካላት ይባላሉ። ሰውየው ከዳነ በኋላም ለወራት በደሙ ውስጥ ስለሚቆዩ፣ ደሙን በመመርመር ምልክት ሳያሳይ ተይዞ ያለፈውን ሰው እንኳ ማወቅ ይቻላል። በአዲስ አበባና በጅማ በዚህ ዘዴ የተደረገ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጥናቱ ከተካተቱት የአዲስ አበባ ሆስፒታል ሠራተኞች መካከል ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ገደማ 11 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከስድስት ወር በኋላ 54 በመቶ ያህል ደርሰዋል። በጥር 2013 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከተመረመሩት የከተማዋ ነዋሪዎች 40 በመቶው ተይዘው እንደነበር ታወቀ።

እስቲ ይህን ከዕለታዊው መግለጫ ጋር እናነጻጽር። በዚያው ወር ማብቂያ በመላ አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጠው ቁጥር 140 ሺህ ገደማ ነበር። የአዲስ አበባን ሕዝብ ዝቅ አድርገን 3 ሚሊዮን ብንል፣ 40 በመቶው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ይሆናል። የጥናቱ ናሙና መላውን ከተማ በትክክል አይወክል ይሆናል፤ ሆኖም ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ግማሹን እንኳ ብንቀንስ መደምደሚያው አይለወጥም። ቫይረሱ መግለጫው ከሚለው በብዙ እጥፍ ተሠራጭቶ ነበር።

ይህ ግኝት ሁለቱንም ተከራካሪዎች ይፈትናል። «ቁጥሩ ትንሽ የሆነው እርምጃው ስለሠራ ነው» የሚለውን ያዳክማል። በሌላ በኩል፣ ከተያዙት መካከል የሚሞቱት መጠን መጀመሪያ ከተፈራው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል፤ በሽታው የሚበረታው በአረጋውያን ላይ ሲሆን የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከሃያ ዓመት በታች ነውና። በእርግጠኝነት ለመናገር ግን የሟቾቹ ትክክለኛ ቁጥር ያስፈልጋል።

መካነ መቃብር እንደ ሳይንስ መሣሪያ

በኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው የኮሮና ሟች ከ7,500 በላይ ነው። ይህም ተመርምረው ቫይረሱ የተገኘባቸውን ብቻ የሚመለከት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በ2020 እና 2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ከተለመደው በላይ የሞቱት 14.9 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ አገሮች የኮሮና ሟች ብለው ያሳወቁት ግን 5.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ይህ ዘዴ የሞቱን ምክንያት አይጠይቅም፤ በአንድ ዓመት የሞተውን ሰው ብዛት ካለፉት ዓመታት አማካይ ጋር ብቻ ያስተያያል። ዘዴው የሚሠራው ግን ሞት በሚመዘገብበት አገር ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሲሆን፣ አብዛኛው ሞት ሳይመዘገብ ያልፋል።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ልዩ ልምድ አላት። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን፣ በ1993 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ መካነ መቃብሮች ሁሉ የቀብር ምዝገባ ጀመሩ። የየአብያተ ክርስቲያናቱም ሆነ የሙስሊሙ መቃብር ሥፍራዎች በምዝገባው ተካተቱ። መዝጋቢዎች የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ ይጽፋሉ፤ ከተመዘገቡት መካከል በናሙና ከተመረጡት ሟቾች ቤተሰቦች ዘንድም ጠያቂዎች ሄደው ስለ ሕመሙ ምልክቶች ያጣራሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረ በኋላ በበሽታው የሚሞተው ጎልማሳ መቀነሱ የታወቀው በዚሁ መዝገብ ነው። የመንግሥት መርሐ ግብር መሥራቱ በመግለጫ ሳይሆን በቀብር ቆጠራ ተመሰከረ ማለት ነው።

ዘዴው ጉድለት የለውም አይባልም። አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚሸኝ አለ፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥቶ እዚህ የሚቀበርም አለ። የሕዝቡም ብዛት ግምት ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነውና። ቢሆንም የማይለወጥ ጉድለት ያለበት መዝገብ ዓመታትን ለማነጻጸር ያገለግላል።

ማጠቃለያ

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ ስንት ሰው እንደጨረሰ ዛሬም የምናውቀው በግምት ነው፤ ኅዳር 12 ቀን የምናጥነው ጢስ ግን ትዝታውን አቆይቶልናል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ በግምት ብቻ መመለስ አይገባንም ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ የክትባት ዘመቻው በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ክትባት፣ አልጋና መተንፈሻ መሣሪያ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ መዘጋጃ እንደሆኑ ሁሉ የሞት መዝገብም መዘጋጃ ነው። ዜጋ መንግሥቱን በማስረጃ መጠየቅ የሚችለው፣ መንግሥትም ለሠራው በማስረጃ መልስ መስጠት የሚችለው እያንዳንዱ ሞት ሲቆጠር ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአንድ ሳምንት የተመርማሪዎች ቁጥር በግማሽ ቀንሶ የተያዙት ቁጥር ባይለወጥ፣ ስለ ሥርጭቱ ምን ትገምታላችሁ?
2. በሠፈራችሁ ያለው የዕድር መዝገብ የሟቾችን ቁጥር በየዓመቱ ለማነጻጸር ሊያገለግል ይችላልን? እንዴት? ጉድለቱስ ምን ሊሆን ይችላል?