የጣና ሞገዶቹን ከዋሽንግተን መከተል

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ደምበጫ ነው፤ አሁን የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የባህር ዳር ከተማን ጨዋታዎች በኢንተርኔት እንዴት ልከታተል? ሰዓቱም ይምታታብኛል።

መልስ፦ በቅጽል ስሙ «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው የጠያቂያችን ክለብ ሊከተሉት የሚገባ ነው። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ተቀላቀለ፤ በ2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነና በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም ጥሎ አለፈ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ አሜሪካ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች። ስለዚህ ልዩነቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መባቻ 8 ሰዓት፣ በቀሪው ወቅት 7 ሰዓት ነው። መርሐ ግብሩ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡00 የተባለ ጨዋታ በዋሽንግተን አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ጠዋት 7፡00 ወይም 8፡00 ይጀምራል።

ጨዋታውን በምስል ማግኘት ግን ከባድ ነው። የስፖርት ቴሌቪዥኑ ሱፐርስፖርት በ2013 ዓ.ም. ሊጉን በዲኤስቲቪ ማስተላለፍ ቢጀምርም፣ አገልግሎቱ ለአፍሪካ ደንበኞች የተዘጋጀ ነው። ውጭ ለሚኖር ደጋፊ የሚያዋጣው ጽሑፉ ነው፤ ሶከር ኢትዮጵያ የተባለው ድረ ገጽ አሰላለፉን፣ የጨዋታውን ዘገባና የአሰልጣኞችን አስተያየት በአማርኛ ያወጣል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀምረዋል። ባለሜዳ ተብሎ የተመዘገበው ባህር ዳር ከተማ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላይ ሊጫወት ይችላል፤ ስለዚህ ከተማውንም ማየት ያስፈልጋል።

በማኅበራዊ ሚዲያ «ቀጥታ ሥርጭት» እያለ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ሊንክ ሲመጣ ጠያቂያችን ሳይከፍቱ ይለፉት።