ጎደሎው ሳይታወቅ ክለሳ የለም

የሳይንስ ትምህርት እንደ ግንብ ነው፤ የታችኛው ድንጋይ ካልተደላደለ የላይኛው አይቆምም። ይህን የማያውቅ የለም። ሆኖም አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ «ሰነፍ ነው» ወይም «ኬሚስትሪ አይገባውም» ይባላል። ታዲያ የጣለው ኬሚስትሪው ሳይሆን ከዓመታት በፊት የተማረው ሒሳብ ቢሆንስ? የኢንተርኔት መሣሪያዎች እንዲህ ያለውን የቆየ ጎደሎ ለማግኘትና ለመሙላት እንዴት እንደሚያገለግሉ ከዚህ ቀጥሎ በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን።

ምሳሌ፦ ፒኤች

የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤች እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው ሶረን ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ነው። ፍቺው አጭር ነው፤ ይኸውም የሃይድሮጅን አዮን መጠን በ10 መሠረት ሎጋሪዝሙ ይወሰድና ምልክቱ ይገለበጣል። እስቲ ተማሪውን እንጠይቀው፦ የቡና ፒኤች 5፣ የንጹሕ ውሃ ደግሞ 7 ቢሆን፣ በቡናው ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን መጠን የውሃው ስንት እጥፍ ነው? ሎጋሪዝም የረሳ ተማሪ 7 ሲቀነስ 5 ብሎ «ሁለት እጥፍ» ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን 100 እጥፍ ነው። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አዮኑ 10 እጥፍ ይሆናል፤ በሁለት ቁጥር ሲወርድ 10 ጊዜ 10 መሆኑ ነው። ይህ ተማሪ ስለ አሲድ የተማረውን በሚገባ ያውቅ ይሆናል። የጎደለው የ10ኛ ክፍል ሎጋሪዝም ነው። መምህሩ የአሲዱን ትምህርት አሥር ጊዜ ቢደግምለት ምን ይጠቅመዋል?

አሠራሩ

ሀ/ አስቀድሞ ጎደሎውን መፈለግ፦ አዲሱ ምዕራፍ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው 5 ወይም 6 አጫጭር ጥያቄዎች በጉግል ፎርም ይላካሉ። ማርክ አይያዝባቸውም። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የቀድሞ ትምህርት ብቻ ይንካ፤ አንዱ የ10 ኃይልን፣ አንዱ ሎጋሪዝምን፣ አንዱ ሞልን። ለምርጫ የሚቀርቡት የተሳሳቱ መልሶችም ተማሪዎች በእርግጥ የሚሳሳቷቸው ይሁኑ፤ «ሁለት እጥፍ» እንደሚለው ማለት ነው። ፎርሙ ራሱ አርሞ የትኛውን ጥያቄ ስንት ተማሪ እንደሳተ ለመምህሩ ያሳያል።

ለ/ ለጎደለው ብቻ መስጠት፦ ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋመው ካን አካዳሚ በነፃ የሚገኙ አጫጭር ቪዲዮዎችና መልመጃዎች አሉት። ሎጋሪዝም የጎደለው ወደ ሎጋሪዝሙ፣ ሞል የጎደለው ወደ ሞሉ ይመራ። የሚያውቀውን ተማሪ «አንተም ከመጀመሪያው ተማር» ማለት ጊዜውን መብላት ነው።

ሐ/ ገምቶ ማየት፦ እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዊማን፣ በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፌት የተባለውን የሳይንስ ሙከራ ማሳያ ጀመሩ። በውስጡ የፒኤች ሙከራ አለ። ተማሪው 0.1 ሊትር ቡና ወስዶ 1 ሊትር እስኪሞላ ውሃ ይጨምርበታል። ከመጨመሩ በፊት ግን ውጤቱን ገምቶ ይጻፍ። መለኪያው ከ5 ወደ 6 ይጠጋል። አሥር ጊዜ ቀጥኖ አንድ ቁጥር ብቻ! ሎጋሪዝም ማለት ይኸው ነው።

መ/ ከሳምንት በኋላ መልሶ መጠየቅ፦ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠ ፈተና በልጠው ተገኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የበለጡት፣ ደግሞ በማንበብ ፈንታ ያነበቡትን አስታውሰው እንዲጽፉ የተደረጉት ናቸው። ስለዚህ በቴሌግራም ቡድን ሁለት ሦስት የምርጫ ጥያቄ መልቀቅ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ሥራ ነው።

ጥንቃቄ

አንደኛ፣ ቪዲዮ አይቶ «ገባኝ፣ ገባኝ» ማለት ሌላ፣ ወረቀት ይዞ መሥራት ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ማርክ ከተያዘበት መልሱ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ጎደሎው ተደብቆ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ኔትወርክ የለም ተብሎ ሥራው መቆም የለበትም። የፌትን ሙከራዎች አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ኮሊብሪ የተባለውም ፕሮግራም ትምህርቶችን በአንድ ኮምፒውተር አጠራቅሞ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ያዳርሳል። እሱም ካልተገኘ አምስቱን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ዋናው መሣሪያው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው።

«እኛ የምናስተምረው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ይህ ምን ያገባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዴት አያገባንም! የዩኒቨርሲቲው መምህር የሚያገኘው ጎደሎ ከታች ክፍሎች የመጣ ነው። ተማሪው ሎጋሪዝም ከመድረሱ በፊት ማባዛትን፣ ክፍልፋይንና የ10 ኃይልን የሚማረው ከእኛ ነው። እዚያ የሚጠየቁት አምስት ጥያቄዎች እኛ ክፍል ውስጥ ቀድመው ቢጠየቁ ተማሪው ያልያዘውን ሸክም ተሸክሞ ዩኒቨርሲቲ አይደርስም፤ «ሰነፍ» የሚል ስምም አይወጣለትም። እንግዲህ ለልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን ከአዲሱ ርዕስ በፊት ቢያንስ አንዲት የክለሳ ጥያቄ ይዘን እንግባ፤ መልሱንም ሳንሰማ አንለፍ።