ሳይቃጠል በቅጠል
(ስለ ባሩድ ቤት አሠራርና ለእኛ ስለሚሰጠው ትምህርት)

ባሩድ ቤት ማለት በቀድሞ ዘመን የጦር ባሩድ ይከማችበት የነበረ ቤት ነው። አውሮፓውያን ቅኝ ገዥዎች በያዙት አገር፣ በወንዝና በባሕር ዳር ባሉ ከተሞቻቸው ጭምር፣ እንዲህ ያለ ቤት ይሠሩ ነበር። በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ግን ስለ ጦርነት አይደለም፤ አደገኛ ነገር በሰው መካከል እንዴት ይቀመጣል የሚለውን ነው።

አስቀድመን ባሩድ ምን እንደሆነ እንይ። ጥቁር ባሩድ ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ናይትሬት የሚባል ጨው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። የሚነዱት ከሰሉና ድኙ ናቸው፤ ጨው ደግሞ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ባሩድ አንድ ጊዜ ከተያያዘ አየር በመከልከል አይጠፋም። ጥንቃቄው ሁሉ ከመያያዙ በፊት መሆን አለበት።

ይህን ያወቁ ግንበኞች ባሩድ ቤትን ከመኖሪያ ቤቶች አርቀው ሠሩ። ግድግዳውን በወፍራም ድንጋይ ገነቡት። ነፋስ እየገባ ርጥበትን እንዲያደርቅ፣ የእሳት ብልጭታ ግን እንዳያልፍ፣ የአየር መግቢያውን ጠባብና ጠማማ አደረጉት። ብረት ከድንጋይ ሲጋጭ እሳት ስለሚተፋ ማጠፊያውንና መቆለፊያውን ከመዳብ ወይም ከነሐስ ሠሩ። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰውም ሚስማር ያለውን ጫማውን አውልቆ ለስላሳ ጫማ ያደርግ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ የመጣው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። በ1654 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር ዴልፍት በምትባል ከተማ መካከል የነበረ ባሩድ ቤት ፈንድቶ የከተማይቱን ትልቅ ክፍል አፈረሰ፤ ሠዓሊው ካሬል ፋብሪቲዩስም በዚያ ቀን ሞተ። በ1769 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢጣልያ አገር በብሬሻ ከተማ መብረቅ ባሩድ ማከማቻውን መትቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ።

የእኛም ከተማ ይህን ቀምሳለች። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። መጋዘኑ ከመኖሪያ ሰፈር ጋር የተጎራበተ ስለነበር ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤትም ፈረሰ። ፍንዳታውን ሊቀርጹ ከሄዱት ጋዜጠኞች መካከል የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሲሞት፣ የ1977ቱን ረኃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ግራ እጁን አጣ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ በልደታ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ይህ ምን ይነግረናል? እኛ ባሩድ የለንም። ነገር ግን ቤንዚን በጀሪካን ሞልቶ በደረጃ ሥር ማስቀመጥ ከባሩድ ብዙም አይለይም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ ወደ ታች ይወርዳል፤ እታች ቤት ቡና ሊፈላበት የተቀጣጠለ ከሰል ሊያገኘው ይችላል። ደረጃው ደግሞ የሕፃኑም የአሮጊቷም መውጫ ነው።

ቤንዚን የሚያስቀምጥ ጎረቤት ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የዕለት እንጀራው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩን በክስና በጩኸት መጀመር አይገባም። ቤቱ ሄደን በአክብሮት እናነጋግረው፤ ከኮሚቴው ጋር ሆነንም ከሕንፃው የራቀ፣ ነፋስ የሚያገኘው ማስቀመጫ እንፈልግለት። እንቢ ቢል ግን ለይሉኝታ ብለን ዝም ማለት የለብንም፤ በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ አደጋውም አንድ ነውና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ባሩድ ቤት ከመኖሪያ ሰፈር እንዲርቅ የተደረገው ለምንድን ነው?
2. በምንኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ምን ምን ተቀምጧል?
3. ጎረቤታችንን ሳናስቀይም ስለ አደጋው እንዴት እንነግረዋለን?