ለስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ የሚሆን የጀርባ ቦርሳ እንዴት ይመረጣል?

ከሳንቃበር በግጭ አድርገው እስከ ጨነቅ በእግር ለመሄድ ካሰቡ፣ ቦርሳ ከመግዛትዎ በፊት ጓዝዎን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ይወስኑ። በቅሎ ከተከራዩ ድንኳኑና ስንቁ በእሷ ይጫናል፤ ለእርስዎ ውሃ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ የሚይዝ ከ25 እስከ 30 ሊትር የሆነ ቦርሳ ይበቃል። ሁሉንም ራስዎ የሚሸከሙ ከሆነ ግን ከ50 እስከ 60 ሊትር ያስፈልግዎታል። ግጭ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ወፍራም የመኝታ ከረጢት መያዝ ግድ ነው፣ እሱም ብቻውን ሰፊ ቦታ ይወስዳል። ከ60 ሊትር የበለጠ ትልቅ ቦርሳ አልመክርም። ክፍት ቦታ ከተገኘ የማያስፈልግ ዕቃ መጨመሩ አይቀርም።

ቀጥሎ ጀርባዎን ያስለኩ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። አንገትዎን ሲደፉ ከማጅራትዎ ሥር ጎላ ብሎ ከሚወጣው አጥንት ይጀመርና ከዳሌ አጥንትዎ ጫፍ ትይዩ እስካለው የወገብዎ መስመር ይለካል። በቁመትዎ አይገምቱ፤ ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት። ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል፤ ስለዚህ 8 ወይም 10 ኪሎ የሚሆን ዕቃ ይክተቱበት። ማሰሪያዎቹን በሙሉ አላልተው ይሸከሙት። መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ ዳሌ አጥንትዎ ላይ አሳርፈው ያጥብቁ፣ ቀጥሎ የትከሻ ማንገቻዎቹን ይሳቡ፣ የደረቱን ማሰሪያ በመጨረሻ ያያይዙ። አሁን ጣትዎን በማንገቻውና በትከሻዎ መካከል ያስገቡ። አልገባ ካለ ሸክሙ ትከሻዎ ላይ ወድቋል ማለት ነው። አብዛኛው ክብደት ዳሌ ላይ ማረፍ አለበት፤ ትከሻና አንገት ቀኑን ሙሉ ዳገት እየወጡ ይህን ሁሉ ሸክም አይችሉም። ወፍራም የወገብ ቀበቶ የሌለውን ትልቅ ቦርሳ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይተውት። ተሸክመውት 15 ደቂቃ ያህል ይራመዱ፤ ደረጃ ካለም ይውጡ፣ ይውረዱ። ሻጩ ቢቸኩል እርስዎ አይቸኩሉ።

ያገለገለ ቦርሳ ከሆነ ዘለበቶቹን ደጋግመው ይክፈቱ፣ ማንገቻው የተሰፋበትን ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፣ ውስጡንም በመዳፍዎ ያሹ። የሚያጣብቅ ወይም የሚላጥ ከሆነ ውሃ መከላከያው አልቋል። አዲስም ቢሆን ብርቱ ዝናብ በስፌቱና በዚፑ ሾልኮ ይገባል፤ ልብስዎንና መኝታዎን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለው ይክተቱ።

ሞልተው ሲመዝኑት ከሰውነትዎ ክብደት አንድ አምስተኛውን ካለፈ ጓዝዎን ይቀንሱ፤ ካልሆነም ጉዞውን ከመጀመርዎ በፊት ደባርቅ ከተማ ላይ በቅሎ ይከራዩ።