ሁለት ሚዛን፤ ስለ ግብዝነትና በወንድም ላይ ስለ መፍረድ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ላይ ካስተማራቸው ትምህርቶች አንዱ በሌላው ላይ እንዳንፈርድ የሚያዝዘው ነው (ማቴ. 7፥1-5)። በወንድሙ ዓይን ያለችውን ጉድፍ አጥርቶ እያየ በገዛ ዓይኑ የተጋደመውን ምሰሶ የማያይ ሰው በጌታ አንደበት ግብዝ ተብሏል። ይህን ቃል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ክርስቲያን የለም። የአገራችንም ሰው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያለ በራሱ ቋንቋ ይተርተዋል። ነገር ግን ቃሉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ ማንን እንደሚነካ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ስለ ግብዞች በተነበበ ቁጥር ሰሚው ሁሉ ጎረቤቱን ያስባል፤ እንዲህም ሲያደርግ ትእዛዙን በሚሰማበት ሰዓት ትእዛዙን ያፈርሳል። ስለዚህ ግብዝነትን በጠቅላላው ከመንቀፍ ይልቅ በመካከላችን ስላለው ስለ አንድ የታወቀ ፍርድ ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድመን የትእዛዙን ትርጓሜ እንመልከት። ጌታችን አትፍረዱ ሲል ክፉውን መልካም፣ መልካሙን ክፉ በሉ ማለቱ አይደለም፤ እንዲህ ለሚሉ ሰዎች ነቢዩ ኢሳይያስ ወዮላቸው ብሏልና (5፥20)። ዳኛ በወንበሩ፣ አባት በቤቱ፣ የነፍስ አባትም በንስሓ ልጁ ላይ የተሰጠው ሥልጣን አለው። የጌታችንም ትምህርት ምሰሶህን አውጣ በማለት አያበቃም፤ ምሰሶውን ያወጣ ሰው የወንድሙን ጉድፍ ለማውጣት ዓይኑ እንደሚበራለት ይናገራል። እንግዲህ የተከለከለው የወንድምን ዓይን ማከም ሳይሆን ዕውር ሆኖ ሐኪም መሆን ነው።

ግብዝ የሚለውም ቃል ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። በግእዙ ግብዝ መድልው ይባላል። የቃሉ ሥር ደለወ ሲሆን መዘነ ማለት ነው፤ ሚዛንም መዳልው የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። በአማርኛም አድልዎ የምንለው ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ግብዝ ማለት በሰው ፊት ጻድቅ መስሎ የሚታይ ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑ ያዘመመ፣ ለራሱና ለወዳጁ አንድ ሚዛን፣ ለሌላው ሌላ ሚዛን ያለው ሰው ጭምር ነው። በከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን የሙሴ ሕግ የከለከለው (ዘዳ. 25፥13) ለገበያ ብቻ እንዳይመስለን። በልብ ውስጥ የተሸሸገው ሁለት ሚዛን በገበያ ካለው ይብሳል፤ በገበያ የሚጎድለው እህል ሲሆን በልብ የሚጎድለው የሰው ክብር ነውና።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንምጣ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወዲያና ወዲህ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ገበሬው ጤፍና በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ ያመርታል። የሚያርስበትን ማረሻና የሚያጭድበትን ማጭድ ቀጥቃጩ ሠርቶ ይሰጠዋል። በበዓል ቀን የሚያጣፋውን ኩታ ሸማኔው ይሸምንለታል። ሚስቱ ውኃ የምትቀዳበትን እንስራና እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ ሸክላ ሠሪዋ ትሠራላታለች። ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍርም ከፋቂው እጅ የወጣ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ እርሻው ይቆማል፤ ልብሱም ምግቡም ይታጣል።

ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ በእነዚሁ ባለ እጆች ላይ የተፈረደ ፍርድ አለ፤ ይኸውም ቡዳ ናቸው የሚለው ነው። ዓይናቸው ይጎዳል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ይወራባቸዋል። ሲያልፉ ምግብ ይሸፈናል፤ ልጅ ይደበቃል። የወንድ ልጃቸው ምግባር ቢያምር፣ የሴት ልጃቸውም ሙያ ቢመሰገን፣ ለጋብቻ ሲታሰቡ ዘር ይቆጠርና ነገሩ በዚያ ይቀራል። ይህን ፍርድ የሚፈርደው አረማዊ አይደለም፤ ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም፣ ሰንበትን የሚያከብር፣ ማኅበር የሚጠጣ ክርስቲያን ነው። የተፈረደበትም በአርባና በሰማንያ ቀን የተጠመቀ፣ ከዚያው ጽዋ የሚቀበል ወንድሙ ነው።

ሁለቱ ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንግባ። ካህኑ የሚባርክበት መስቀል፣ የሚያጥንበት ጽና፣ መዘምራኑ የሚያንሿሹት ጸናጽል በእሳት ቀልጦ ወይም በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ከበሮው ቁርበት ለብሷል። መጋረጃውና አልባሳቱ ከሸማኔ ጉድጓድ የወጡ ናቸው። መጻሕፍቱ የተጻፉበት ብራናም የተፋቀ ቆዳ ነው። የፍየል ቆዳ ወጥሮ ለመጽሐፍ የሚፍቀውን ሰው ጸሐፊ ብለን እናከብረዋለን፤ የበሬ ቆዳ ለመኝታና ለጠፍር የሚፍቀውን ግን ፋቂ ብለን እንሰድበዋለን። እጁ አንድ፣ ሥራው አንድ፣ ስሙ ግን ሁለት ሆነ። መድልው ማለት ይህ ነው።

ጠይብ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው። ቃሉ የተገኘው ከጠቢብ ነው። እግዚአብሔር ደብተራ ኦሪትን ለማሠራት ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን እንደ ሞላበት ተጽፏል (ዘፀ. 31፥1-5)። መንፈስ ቅዱስ ያከበረውን ስም ሰው ለስድብ አደረገው። ጌታችንም በናዝሬት ያልተቀበሉት ሰዎች ካቀረቡት ምክንያት አንዱ የጠራቢ ልጅነቱ ነበር (ማቴ. 13፥55)። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፍቶ ይበላ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። እነዚህ በዘመናችን በአንዳንድ መንደር ቢያድሩ ምን ይባሉ ነበር?

ከሁሉ ይልቅ በግብረ ሐዋርያት የተጻፈውን እናስተውል። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው ስምዖን በተባለ ቁርበት ፋቂ ቤት ነው (9፥43)። የሞተ እንስሳ ቆዳ የሚነካ ሰው በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ነበር። ልዩ ልዩ እንስሳት የተሞላበት ታላቅ ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድ ሐዋርያው ያየውም በዚሁ ቤት ሰገነት ላይ ሲጸልይ ነው። በዚያም እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል ታዘዘ፤ ራእዩም ስለ ምግብ ብቻ ሳይሆን ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል የተሰጠው መሆኑን በኋላ ተረዳ (10፥28)። የሐዋርያት አለቃ ይህን ትምህርት የተማረው በፋቂ ቤት መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለንም።

በአገራችንም ይህን የሚገሥጽ አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውንና ሌላውንም ባለ እጅ፣ ጸሐፊውን ሳይቀር፣ በሥራው ምክንያት የሚሰድቡትን ከልክለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ አንደበትን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም። የልብ ሥራ የወንጌል ነው።

«ነገሩ ተራ ስድብ አይደለም፤ በሽተኛው ጠበል ሲጠመቅ ይጮኻል፤ የበላውንም ሰው ስም ይጠራል፤ ይህ ማስረጃ አይሆንምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ መስጠት ይገባናል፤ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚሁ ነውና። ቤተ ክርስቲያን ርኩስ መንፈስ መኖሩን ታስተምራለች፤ በጸሎትና በጠበልም ታወጣዋለች። ነገር ግን ርኩስ መንፈስ በእጅ ሥራ ይወረሳል ብላ አላስተማረችም። የሚጮኸው ጋኔን ከሆነ ደግሞ ምስክርነቱን እንዴት እንቀበላለን? ዲያብሎስ ሐሰተኛና የሐሰት አባት መሆኑን ጌታ ተናግሯል (ዮሐ. 8፥44)። አጋንንት እውነቱን መስክረው የእግዚአብሔር ቅዱስ መሆኑን ሲናገሩ እንኳ ጌታችን ዝም አሰኛቸው (ማር. 1፥24-25)። በፊልጵስዩስም የጥንቆላ መንፈስ ያደረባት ገረድ ስለ ሐዋርያት እውነት ስትናገር ቅዱስ ጳውሎስ መንፈሱን አስወጣው እንጂ አላመሰገነውም (ሐዋ. 16፥16-18)። እውነት ሲናገር ያልተሰማ ምስክር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት በሚያጣላበት ጊዜ እንዴት ይሰማል? የሙሴ ሕግ ያለ ሁለትና ሦስት ሰዎች ምስክር ነገር አይጽናም ሲል (ዘዳ. 19፥15) ጋኔንን ከምስክሮች አልቈጠረም።

ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኃጢአት የሠራው ማን ነው፣ እርሱ ነውን ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታችን ሁለቱንም አልወቀሰም፤ ምራቁን በመሬት እንትፍ ብሎ ጭቃ አድርጎ ዓይኑን ፈወሰ (ዮሐ. 9፥1-7)። ሰው በታመመ ጊዜ የግብዝ ጥያቄ ማን አሳመመው የሚል ነው፤ የክርስቶስ ሥራ ግን ማዳን ነው። በቆላ የወባ ትኩሳት የያዘውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ወይም ሆዱ ድንገት የነፋውን ሕፃን ይዞ ማን በላው እያሉ ሲያመነቱ ማሳደር በሕፃኑም በተጠርጣሪውም ላይ መፍረድ ነው። ጠበልም መድኃኒትም የአንዱ እግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፤ ሲራክም ባለ መድኃኒትን አክብር ብሎ አስተምሯል (ምዕ. 38)።

ጌታችን በምንሰፍርበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርብን አስጠንቅቋል። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ከዓባይ ማዶ የተሻገረ ጎጃሜ፣ ጎጃሜ በመሆኑ ብቻ ቡዳ ሲባል ሰምቷል፤ አንዳንዴ በቀልድ፣ አንዳንዴም በእውነት። ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ ቅኔ ቤት የወጣ ከሆነ ደግሞ ዕውቀቱ ተንኮል ተደርጎበት መተተኛ ይባላል። ይህን የሰማ ሰው እንዴት እንደሚያዝንና «ምን ሲሠራ አይታችሁኝ ነው?» እንደሚል የታወቀ ነው። እንግዲህ ይህን ጥያቄ በሰው አገር የሚጠይቅ ሰው፣ በገዛ መንደሩ ያለው ቀጥቃጭ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀው ምን ይመልስለታል? አንድ ሚዛን ቢኖረው መልሱ ቀላል ነበር።

በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ የነበረው፣ በዓሉ ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። እርሱም አስቀድሞ ወንበዴ ነበር፤ በመልኩ ጥቁረትም ይናቅ ነበር። አንድ ወንድም በደለና አበው ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን አስጠሩት። እርሱም የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ፣ አሸዋው ከኋላው እየፈሰሰ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። አበውም ያን ወንድም ይቅር አሉት። ሙሴ በደሉ የለም አላለም፤ የፈራጁ ሸክም እንዲታይ አደረገ እንጂ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ባለ እጅ ቢበድል እንደ ማንኛውም ሰው በሠራው ይጠየቃል፤ ጌታ እንዳዘዘው መጀመሪያ ብቻውን፣ ባይሰማ ሁለት ወይም ሦስት ይዞ፣ ያንም እንቢ ቢል ለቤተ ክርስቲያን በመንገር ይመከራል (ማቴ. 18፥15-17)። ባልሠራው ግን ለዘሩ ተብሎ አይጠየቅም። ካህን በሚያጠምቅበት ጊዜ በሽተኛውን ስም ጥራ ብሎ አያስለፍልፈው፤ የተጠራ ስም ቢሰማም ለሕዝብ አያውጣው፤ ጸሎቱን ይቀጥል። ወላጆች ጋብቻ ሲያስቡ ሃይማኖትንና ምግባርን ይመርምሩ፤ በአባት መዶሻ ልጅን አይመዝኑ። በሰንበቴና በማኅበር ቤት የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ ትቀመጥ። ሕፃናትም ማረሻቸውን ያሾለላቸውን ሰው ጋሼ ብለው እንዲጠሩት እናስተምራቸው፤ ቡዳ ማለትን ከእናትና ከአባት አፍ ይማሩታልና።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት አፋቸው ርግማንና መራራነት የሞላባቸውን ሰዎች ሲገልጽ የሰላምን መንገድ አላወቁም ይላቸዋል (3፥14-17)። የሰላም መንገድ በግእዝ ፍኖተ ሰላም ነው። ይህን ስም የያዘች ከተማ በምዕራብ ጎጃም መካከል ትገኛለች፤ በገበያዋም ገበሬውና ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ይገናኛሉ። በገበያ በአንድ ሚዛን የሚገበያዩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅም በአንድ ሚዛን ቢመዛዘኑ፣ ስሙ በእውነት የመንገዳቸው ስም ይሆናል።

እግዚአብሔር አምላካችን ምሰሶውን ከዓይናችን አውጥቶ ወንድማችንን በእርሱ ዓይን እንድናይ ይርዳን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።