ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተቋቋመ ማኅበር

ጥያቄው የመጣው ከላይ ጋይንት፣ ከነፋስ መውጫ ነው። ጠያቂው በአንድ የመንገድ ሥራ ሳይት በቀን ሥራ ተቀጥረው የሁለት ወር ደመወዝ ቀርቶባቸዋል። ከባልደረቦቻቸው ጋር ማኅበር ስለማቋቋም መነጋገራቸውን ካቦው ሰምቶ «ማኅበር የሚል ሰው ነገ እዚህ እንዳላየው» ብሏቸዋል። ታናሽ ወንድማቸውም ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ሳይከፈለው ተመልሷል። «ማኅበር ሳይኖረን መክሰስ እንችላለን ወይ?» ይላሉ። ባለቤታቸው መምህርት ስለሆኑ የእርሳቸውንም መብት አብረው ጠይቀዋል።

አዎ፣ ትችላላችሁ። የሠሩበትን ደመወዝ ለመጠየቅ ማኅበር አያስፈልግም። ብቻዎን፣ ጠበቃም ሳይዙ፣ የዳኝነት ክፍያ ሳይጠየቁ፣ በወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መክሰስ ይችላሉ። ማኅበር የሚያስፈልገው ደመወዝ ይጨመርልን፣ አበል ይወሰንልን ለማለት ነው። ብዙ ሠራተኞች ሁለቱን ቀላቅለው «ማኅበሩ ይቋቋምና እንጠይቃለን» እያሉ ይቆያሉ፤ በዚህ መካከል የደመወዙ ጥያቄ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፎ፣ ይቀራል። የላባቸውን ዋጋ በዚህ መንገድ የሚያጡ ሰዎች ነገር እጅግ ያሳዝነኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 163 ላይ ያስቀመጠው የይርጋ ጊዜ አጭር ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያለአግባብ ተባርሬያለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ደግሞ ያለው 3 ወር ብቻ ነው።

አሁን ይህን ወደ ወንድምዎ ጉዳይ ያምጡት። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚወጣው ወጣት በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ወዲህ ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሒሳቡ ሲጓደልበት «በሚቀጥለው ክረምት ስትመጣ እከፍልሃለሁ» ይባላል፤ እርሱም አምኖ አገሩ ይገባል። ኅዳር መጨረሻ ላይ መከፈል የነበረበት ደመወዝ ግን ግንቦት መጨረሻ ላይ ስድስት ወር ይሞላዋል። ሐምሌ ላይ ተመልሶ ሲሄድ አሠሪው «አልከፍልም» ቢለው፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም ይርጋን መቃወሚያ ቢያደርግ፣ ልጁ እውነት ይዞ ይሸነፋል። ስለዚህ አሠሪው ጊዜ ከጠየቀ ቃሉን በወረቀት ይስጥ። «ለእገሌ ይህን ያህል ብር አለብኝ» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርም፤ በጽሑፍ የተሰጠ የዕዳ እምነት ይርጋውን ያቋርጠዋል፣ ቆጠራውም እንደገና ይጀምራል። ለፍርድ ቤት ወይም ይህን አዋጅ ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታም እንዲሁ ያቋርጠዋል። በሽማግሌ ማስለመን፣ ስልክ መደወል፣ ሰው መላክ ግን አያቋርጠውም።

በዚህ ዘመን መንገድ መዘጋቱም አለ። ሠራተኛው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ዘግይቶ ከሆነ ሕጉ ጥያቄው እንዲታይለት ይፈቅዳል፤ ሆኖም እንቅፋቱ ከተወገደበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። መንገዱ በተከፈተ ማግስት መነሳት ነው።

«የእርሻ ባለሀብት ድርጅት አይደለም፤ ይህ ሕግ አይመለከተኝም» የሚል አሠሪ ያጋጥማል። በአዋጁ ትርጉም የግብርና ሥራም ድርጅት ነው፤ ለአንድ ወቅት የተቀጠረም ሠራተኛ ነው። ክሱ ሥራው በተሠራበት ወይም አሠሪው በሚኖርበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል። የመተማ ወረዳ መቀመጫ ገንዳ ውኃ ከጋይንት ሩቅ በመሆኑ፣ ባልንጀሮች አብረው ቢከስሱ ወጪውም ድካሙም ይቀላል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። «የጽሑፍ ውል የለኝም» ብለዋል። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጥዎ ይገባ ነበር፤ አለመስጠቱ የእርሱ ጥፋት እንጂ የእርስዎን መብት አይቀንስም። ቀጣሪዬ ካቦው ነው ወይስ ድርጅቱ ብለው አይጨነቁ። በአንቀጽ 4 መሠረት ውል የሚመሠረተው ሰው በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ በአሠሪ መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው። የማን ሳይት ላይ፣ በማን ትእዛዝ ሠሩ? ስምዎን በየቀኑ የሚመዘግበው ታይም ኪፐር የማን ነው? የሳይት መታወቂያ፣ የፔሮል ወረቀት በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ አብረው የዋሉ ሁለት ሦስት ምስክሮች፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። መሥራትዎን ካስረዱ በኋላ «ከፍያለሁ» የሚለው አሠሪው መክፈሉን ማስረዳት አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2001 ግዴታው ቀርቷል የሚለው ወገን ያስረዳ ይላል። አዋጁም አሠሪው ጠቅላላ ደመወዙን፣ ተቀናሹንና የተጣራውን የሚያሳይ፣ ሠራተኛው የሚፈርምበት መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል። ምናልባት ተቸግረው ጎደሎ ብር ተቀብለው ፈርመው ከሆነም አይደንግጡ፤ ሳይቃወሙ መቀበልዎ የቀረውን እንደተዉ አያስቆጥርዎትም።

ለጫማ፣ ለጓንት፣ ለድርጎ እየተባለ የሚቆረጠውንም ይመርምሩ። ከደመወዝ የሚቀነሰው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ካልሆነም እርስዎ በጽሑፍ ሲስማሙ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ከወር ደመወዝዎ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የአደጋ መከላከያ ጫማና ጓንት ደግሞ አሠሪው ራሱ ሊያቀርበው የሚገባ ነው።

ትርፍ ሰዓትም ደመወዝ ተደርጎ አብሮ መሰላት አለበት። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ለምሳሌ በቀን 500 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ የሰዓቱ ዋጋ 62 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ ለአንዷ ሰዓት 93 ብር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል ይሆናል።

የካቦው ዛቻ ሕገወጥ ነው። አሠሪ ሠራተኛን ማኅበር እንዲገባ ወይም እንዳይገባ ማስገደድ እንደማይችል አንቀጽ 14 ይደነግጋል። በአንቀጽ 26 መሠረት የማኅበር አባል መሆን፣ ለመሪነት መወዳደር፣ ወይም አሠሪውን መክሰስ ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት አይሆኑም። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይወሰንለታል፤ መመለስ ካልፈለገ ካሳ ይከፈለዋል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ ካሳው የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ነው፤ በቀን 500 ብር ለሚያገኝ 90,000 ብር ይሆናል። የተቀጠረው ለተወሰነ ጊዜ ከሆነ ከቀረው የውሉ ጊዜ ጋር ይሰላል። ዛቻው የተነገረበትን ቀንና የሰሙትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ይጻፉ።

ማኅበሩን ማቋቋም ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 10 አባላት ይዞ መመሥረት ይቻላል። ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ቤቶች የሚሠሩ፣ እንደ ነፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ትንንሽ ሆቴሎችና ዳቦ ቤቶች ያሉ ሠራተኞች፣ ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንብ ያጸድቃሉ፣ መሪ ይመርጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፤ ከዚያ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ያመለክታሉ። መሥሪያ ቤቱ በ15 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ዝም ካለ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። ማመልከቻውን ገቢ ያደረጉበት ቀን በማኅተም ይረጋገጥልዎ።

የተመዘገበ ማኅበር አሠሪውን ለኅብረት ድርድር ይጠራል። ስለ ጭማሪ ካልተስማሙ ጉዳዩ የወል የሥራ ክርክር ይሆንና ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ይሄዳል። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ፍርድ ቤት ቀርቦ «ደመወዜ አንሷልና ይጨመርልኝ» ቢል የሚያሸንፍበት ሕግ የለም። የደመወዝ ወለል ቢኖር እንኳ መነሻ ይሆን ነበር፤ የሠራተኛው እንቅስቃሴ ይህን መጠየቅ ከጀመረ ቆይቷል፣ በየካቲት 1966 የተጀመረው የአራት ቀን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማም አንዱ ጥያቄው ይኸው ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወለሉ ሳይወሰን ግን ዓመታት አልፈዋል። ይህ መዘግየት ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ማኅበር የሌለውን የቀን ሠራተኛ ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ከሆነ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆናቸው አዋጅ 1156 አይመለከታቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ እነርሱን በሠራተኛ ማኅበርነት አደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ለኅብረት ድርድር የሚያስቀምጥ ሥርዓት ግን እስካሁን አልተዘረጋም። በ1941 የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም የሙያ ማኅበር ነው፤ ስለ አባላቱ ጥቅም ይናገራል፣ የኅብረት ስምምነት ግን አይፈርምም። ደመወዛቸው ከዘገየ ወይም ያለአግባብ ከተቆረጠ አስቀድመው ለመሥሪያ ቤታቸው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ይቀበሉ፤ በውሳኔው ካልረኩ ይግባኙን ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ያቀርባሉ። የይግባኙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ውሳኔው በእጃቸው በገባ በዚያው ሳምንት ቢንቀሳቀሱ ይሻላል።