«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሲባሉ፦ የታደሰ አሮጌ ሰዓት የገዛ ሰው መብት

ከአጋሮ አንድ አንባቢ ጽፈውልኛል። ቡናቸውን ሸጠው እጃቸው ላይ ገንዘብ በገባበት ሰሞን ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል፣ ያልተነካ፣ የ1970ዎቹ ሲኮ 5» የሚል ማስታወቂያ አይተው በቴሌብር ከፈሉ፤ ሰዓቱም በአውቶቡስ ተላከላቸው። ጅማ ያሳዩት ሰዓት ሠሪ ግን ፊቱ እንደገና የተቀባ መሆኑን ነገራቸው። ሻጩ ሲጠየቅ «አሮጌ ነው፣ ይሠራል፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ዘጋባቸው።

አሮጌ ሰዓት አድሶ መሸጥ ጥፋት አይደለም። ያልታጠበ ቡና መሸጥም ነውር የለበትም፤ ያልታጠበውን «የታጠበ ሊሙ ነው» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን መለወጥ፣ መታደስ ወይም ያገለገለ መሆን በሚመለከት የተሳሳተ መረጃ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህ አዋጅ የሚጠቅመው ግን ሻጩ ነጋዴ ሲሆንና እርስዎም መልሰው ለመሸጥ ሳይሆን ለራስዎ ሲገዙ ነው።

ደብዳቤዎ ላይ ካለው ቀን ስነሳ 15ቱ ቀን አልፏል። ቢሆንም መብትዎ አልሞተም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የነጻ ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ ሻጩ ነጋዴ ባይሆንም። «ይሠራል እኮ» የሚለው መልስ አያድነውም። በውሉ ቃል የተገባው ጠባይ ከሌለ ያ ራሱ ጉድለት ነው፤ የአሮጌ ሰዓት ዋጋ ደግሞ በአብዛኛው ያለው ፊቱ ላይ ነው። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭም «አይመለስም» በሚል ቃል ከዋስትናው አያመልጥም።

አሁን አንባቢዎች ብዙም ወደማያስተውሉት ወጥመድ ልምጣ። ጉድለቱ ማንም ሊያየው የሚችል ግልጽ ከነበረና ገዢው በከባድ ቸልተኝነት ካለፈው፣ ሻጩ ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ሰዓት ከመግዛትዎ በፊት የማስታወቂያውን ፎቶ አጉልተው ይዩት። ፊደሎቹ ጠርዛቸው የፈሰሰ ወይም የወፈረ ነው? የደቂቃ ነጥቦቹ ከሰዓት ምልክቶቹ ጋር አይገጥሙም? ፊቱ እያብረቀረቀ ጠቋሚዎቹ ዝገዋል? የሰዓቱ ውጫዊ ቤት ጠርዝ በመሞረድ ሟሙቷል? በሲኮ ሰዓቶች ላይ ደግሞ ከፊቱ ግርጌ በደቃቅ የታተመ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 4 አኃዞች (ለምሳሌ 7009) ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ክዳን ቁጥር ጋር ይገጥማሉ። ቁጥሩ ከነጭራሹ ከጠፋ ወይም ካልገጠመ ይጠርጥሩ።

ይሁንና ሕጉ ለወጥመዱ መውጫ አበጅቶለታል፦ ሻጩ «ይህ ጉድለት የለበትም» ብሎ በግልጽ ከተናገረ ዋስትናው ይመለሳል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት «ፊቱ ተቀብቷል? ጠቋሚውና ማሽኑ የራሱ ናቸው?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። በስልክ ከመለሰልዎ፣ ያለውን እርስዎ ጽፈው ይላኩለትና እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። እኔ ከዐይን ይልቅ የምተማመነው በዚህ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈገው ይጠብቀዋል። ቴሌግራም ላይ ግን ሻጩ መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ማስታወቂያውንና ንግግራችሁን ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያንሱ፤ የቴሌብር ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

እንደ እርስዎ አስቀድሞ ለገዛ ሰው ደግሞ ቀጣዩ እርምጃ ይህ ነው፦ ጉድለቱን ዘርዝረው ሳይዘገዩ ለሻጩ በጽሑፍ ያስታውቁ። ጉድለቱን ካስታወቁ በኋላ ለክሱ ያለዎት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ለንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ሆን ብሎ አታልሎዎት ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስላለ ለፖሊስም ማመልከት ይቻላል። ሻጩ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ክልል ነዋሪ ከሆነ ጉዳዩን የሚያየው ፍርድ ቤት ሊለወጥ ስለሚችል ክስ ከመክፈትዎ በፊት ያጣሩ። በጅማ ዞን ፍርድ ቤቶች ከሆነ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነውና በአማርኛ የተጻጻፋችሁትን ያስተርጉሙ። እስከዚያው ሰዓቱን አያሠሩት፣ ፊቱንም አያስነኩት፤ ሰዓት ሠሪው ያየውን በወረቀት ጽፎ ይፈርምልዎ።